የማይጠይቅ ሰፈር

ከአዲስ አበባ መሐል ወጥቶ ዳር ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው ጥያቄዎቹ የታወቁ ናቸው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ታክሲ እስከ ስንት ሰዓት ይገኛል? ኪራዩ ስንት ነው፣ የስንት ወር ቅድሚያ ይጠየቃል? ልጅ ያለው ስለ ትምህርት ቤት ይጠይቃል፣ ታማሚ ያለበት ስለ ጤና ጣቢያ። ትንሽ አቅም ያለው ደግሞ ዛፍ፣ ንጹሕ አየርና ጸጥታ ይጨምርበታል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ሌላ ጥያቄ የሚያስቀድሙ ሰዎች አሉ። ጥያቄያቸውን ለደላላም ለአከራይም አይናገሩትም፤ በልባቸው ይዘውት ነው ቤት የሚያዩት። እዚህ ሰፈር ሰው ስለ ሰው ምን ያህል ይጠይቃል?

ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሕጉ ድርጊታቸውን "ግብረ ሰዶም" ይለዋል። መንገድ ላይ የሚሰደቡበትን ቃል እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፣ ሁሉም ያውቀዋል። እነሱ እርስ በርሳቸው ሲጠራሩበት የቆዩት ቃል ግን "ዜጋ" የሚል ነው። ታክሲ ውስጥ አንዱ ለሌላው "እሱ እኮ ዜጋ ነው" ቢለው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ምንም አይሰማም። ሁሉም ዜጋ ነውና።

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 በብዙ አገሮች ባደረገው የአመለካከት ጥናት፣ ከተጠየቁት ኢትዮጵያውያን 97 በመቶው ኅብረተሰቡ ግብረ ሰዶማዊነትን መቀበል የለበትም ብለዋል። ስለዚህ ይህን ከሚያነቡት መካከልም አብዛኛው ሰው አቋሙ የታወቀ ነው። የጽድቅና የኩነኔውን ክርክር የሚያካሂዱ ሌሎች መድረኮች ሞልተዋል፤ እዚህ ጉዳዩ ቤት ነው። 97 በመቶው ተጠያቂ ኅብረተሰቡ ሊቀበለው አይገባም ያለው ሰውም ማታ ማታ የሚገባበት ቤት ያስፈልገዋል፣ ኪራይ ይከፍላል፣ ጠዋት ሥራ ለመድረስ ታክሲ ይጋፋል።

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ በግልጽ ይጠየቃል። ከትልቅ ከተማ በባቡር የሚደረስበት፣ ጫካ ወይም ሐይቅ የቀረበው፣ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች ተያይዘው አትክልት ቢገዙ ማንም ዞር ብሎ የማያይበት ትንሽ ከተማ የቱ ነው? መልሱ ከነቤት ዋጋው ይሰጣል። አዲስ አበባ ዙሪያ እንዲህ ያለ ዝርዝር የለም። እንዲህ ያለ ሰፈር ቢኖር እንኳ፣ ስሙ በጽሑፍ በወጣ ማግስት መኖሩ ያበቃል።

ቃሊቲ ለዚህ ፍለጋ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከተማው የሚያልቀው እዚህ ነውና። ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ የሚነሳው፣ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር መጨረሻው ቃሊቲ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ደግሞ የሚጀምረው ከዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። የቃሊቲ ስም ሲነሳ አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው፤ ቀጥሎ ጉምሩኩ፣ ቀጥሎ መናኸሪያው። እዚያ የሚኖረው ሰው የሚያውቀው ደግሞ ሌላ ነው፦ ሌሊቱን ሙሉ የሚያልፍ ተሳቢ፣ በበጋ መስኮት የማያስከፍት አቧራ፣ እንደ ነፋሱ አቅጣጫ የሚመጣና የሚሄድ የፋብሪካ ሽታ። ተፈጥሮ የለም ማለት አይደለም። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ጉድ ሁሉ ተሸክሞ በዚህ በኩል ይወርዳል፤ የሚገባውም የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ወደተሠራበት ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ነው። እምቦጭ የወረረው ያ ውሃና ዙሪያው ያለው ረግረግ በየዓመቱ በበጋው ወራት ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች የሚያርፉበት ቦታ ነው። ወፎቹ ስለ ሽታው ምን እንደሚያስቡ አይታወቅም፤ ሰው ግን ከቃሊቲ ሲያስብ የሚያስበው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፣ ወደ ቢሾፍቱ።

አንድ ሰው ይታሰብ። ስም አያስፈልገውም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶታል፣ ቃሊቲ ካለ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ ከአንድ ሰው ጋር አብሮ ይኖራል፤ ለሰፈሩ ሰው ያ ሰው "ወንድሜ" ነው።

ሃያ አምስት ዓመት ሳለ ቤት ማግኘት ከማንም ላጤ የተለየ ችግር አልነበረበትም። አንዳንድ አከራይ "ላጤ አንፈልግም" ይላል፣ አንዳንዱ "ሴት እንዳታመጣ" ብሎ ያስጠነቅቃል። ይህን ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ሁለት ወጣት ወንዶች አንድ ክፍል ተከራይተው ደባል ሆነው መኖር አዲስ አበባ ውስጥ ማንንም የማይገርም ነገር ነው፤ ኑሮው ራሱ ያስገድዳል። ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ ላይ ቢሄዱም አገሩ እንደ ወንድማማችነት ነው የሚያየው። በዚህ ረገድ አዲስ አበባ፣ ያለ ዕውቀትና ያለ ፈቃድ፣ ከብዙ የአውሮፓ ከተሞች የላቀ ምቾት ነበራት።

ምቾቱ ግን ጊዜ አለው። ሠላሳ ሲጠጋ አከራይዋ እማማ ቡና አፍልተው ይጠሩና "ልጄ፣ መቼ ነው ሠርግህን የምንበላው?" ይላሉ። በክፋት አይደለም፤ ስለሚወዱት ነው። ሠላሳ ሁለት ላይ "የማውቃት አንዲት ጨዋ ልጅ አለች" ይመጣል። ሠላሳ አራት ላይ እማማ መጠየቅ ያቆማሉ፣ መጠየቅ ማቆማቸውም ከጥያቄው በላይ ያስፈራል። ምክንያቱም ያን ጊዜ ጥያቄው ከእሱ ፊት ተነስቶ ወደ ሌላ ቤት ሄዷል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ሰውየው ዕቃውን ጭኖ ሌላ ሰፈር ይገባል፤ አዲሱ ሰፈር ዕድሜውን እስኪቆጥር ድረስ ሁለት ዓመት ያተርፋል። ሌላው ሰው ቤት የሚቀይረው ኪራይ ሲጨመርበት ነው፣ እሱ ግን የታወቀ ሲመስለው ነው። (ሁለት ሴቶች ሲሆኑ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እህትማማች ናቸው ተብሎ ለመታለፍ ይቀላቸዋል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ስትከራይ የሚወራው ወሬ ለማንም ሴት የሚቀር አይደለም።)

እንግዲህ ይህ ሰው ከአቧራው መውጣት ቢፈልግ ወዴት ይሂድ?

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ መሐል 45 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ከቃሊቲ ለሚነሳ ሰው ከዚያም ያነሰ። በአሮጌው መንገድ በዱከም በኩል ሚኒባስ አለ፣ በፍጥነት መንገዱ ደግሞ መኪና ያለው ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ሥራ ሰዓት ሳይረፍድበት ይደርሳል። እሳተ ገሞራ ቆፍሮ የተዋቸው ሐይቆች አሉ፦ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ከተማው መሐል ያለው ቢሾፍቱ ሐይቅ። አየሩ ከአዲስ አበባ ሞቅ ይላል። ጠዋት ወፍ ይሰማል። የአድአ ጤፍ የሚባለው የሚመጣው ከዚሁ ዙሪያ ነው፤ ከክረምት በኋላ ማሳው አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል። ሠፋ ያለ ግቢ፣ አቮካዶ የሚተከልበት ጓሮ፣ ከአዲስ አበባ ባነሰ ኪራይ። ለማንኛውም ቤት ፈላጊ መልሱ ይህ ነው።

ለእሱ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ዛፍ በበዛበት ሰው ያንሳል፤ ሰው ባነሰበት ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ይታያል። በትንሽ ከተማ ባለ ባጃጁ የማን ቤት የት እንደሆነ ያውቃል። ባለ ሱቋ በሳምንት ስንት እንቁላል እንደሚገዛ ታውቃለች። አዲስ ገቢ ሰው "ከየት መጣህ፣ የማን ዘመድ ነህ፣ ባለቤትህስ?" ተብሎ የሚጠየቀው ለክፋት አይደለም፣ አገሩ ሰውን የሚቀበለው በዚህ መንገድ ስለሆነ ነው። ጥያቄውን መልሶ ያለፈ ሰው ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰው ነው፤ ቢታመም ይጠየቃል፣ ቢቸገር ይረዳል። መመለስ ያልቻለ ሰው ግን ጓሮው የቱንም ያህል ቢያምር የሚኖረው በመስኮት መጋረጃ ውስጥ ነው። ሰንዳፋም፣ ሱሉልታም፣ ሆለታም ያው ነው። የመናገሻ ሱባ ጫካ የቀረበው ሰው ጫካውን ሲያይ ጎረቤቱም እሱን ያያል።

ገንዘብ ያለው መላ ያበጃል። ከፍ ያለ አጥር፣ የብረት በር፣ መኪና ከነመስታወቱ ተዘግቶ የሚገባበት ግቢ። እሱም ቢሆን ዘበኛ አለው፣ የቤት ሠራተኛ አለችው። አገራችን ውስጥ ሀብታም ሰው ብቻውን ሆኖ አያውቅም። መካከለኛው ደግሞ ቅዳሜና እሑድን ይገዛል፤ ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት ያድርና ሰኞ ወደ አቧራው ይመለሳል። ይህም መንገድ እየጠበበ መጥቷል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎች፣ በመጠጥ ቤቶችና በመሳሰሉት ውስጥ ግብረ ሰዶም ይፈጸማል በሚል ከነዋሪው በደረሰው ጥቆማ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ፤ ሕዝቡም መጠቆሙን እንዲቀጥል ጠየቀ። በዚያው ወር መቀመጫውን እንግሊዝ አገር ያደረገው ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለ የኢትዮጵያውያን ድርጅት፣ ቲክቶክ ላይ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ የጥቃት ጥሪ እየተደረገ ነው ብሎ አቤት አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወንዶች አንድ ክፍል ሲጠይቁ እንግዳ ተቀባዩ ቀና ብሎ ያያል። ደባልነት የሰጠው የቆየ ከለላ የተሸረሸረው በዚያ ክረምት ነው፤ ጉዳቱም የሚያርፈው በእነዚህ ሰዎች ላይ ብቻ አይደለም። ለስልጠና ከክፍለ ሀገር የመጡ ሁለት መምህራንም አበል ለመቆጠብ አንድ አልጋ ክፍል ሲጋሩ ኖረዋል።

ስለ ሕጉ አጭሩ ነገር ይህ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ድርጊቱን ወንጀል አደረገው። ረቂቁን ያዘጋጁት ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ፤ የገዛ አገራቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1942 ሥራ ላይ በዋለው ሕጓ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገውን ከወንጀል ዝርዝር አውጥታው ነበር። "ነገሩ ከምዕራብ የመጣ ነው" ለሚለው ክርክር ይህ ትንሽ ያስቸግራል። ሃይማኖቱ ከዚያም በፊት ይከለክል እንደነበር መካድ አይቻልም፣ ክልከላው በዘመናዊ ሕግ ሲጻፍ ግን ብዕሩን ከያዙት አንዱ ፈረንጅ ነበር። አሁን ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ቅጣቱን ቀላል እስራት ያደርገዋል፤ ቀላል እስራት በመርህ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፣ የሚያከብዱ ሁኔታዎች ካሉ ከፍ ይላል። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰው ቤት ያለ አግባብ እንዳይፈተሽ፣ በአንቀጽ 32 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ቤት ፈላጊውን የሚጎዳው ግን የእስራቱ ርዝመት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ለተከራዮች ትልቅ ነገር ሰጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ አከራይ እንዳሻው ዋጋ አይጨምርም። አሁን እማማ አንድ ነገር ሰምተው "ነገ ቤቴን ልቀቅ" ቢሉትስ? በአዋጁ መሠረት መቆየት ይችላል። መብቱን ለማስከበር ግን ወረዳ ሄዶ ማመልከት አለበት፣ እዚያ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ "ለምንድን ነው የሚያስወጡህ?" ነው። ስለዚህ ዕቃውን ይጭናል። የከፈለው ቅድሚያ ቢቀርበትም ዝም ይላል። "ለፖሊስ እናገርብሃለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቀው ሰው ቢመጣም ያው ነው፣ መክሰስ የሚገባው ሰው ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ መድረስ አይችልም። አንቀጽ 629 ፍርድ ቤት ሳይደርስም በዚህ መልክ በየቀኑ ይሠራል።

ታዲያ ሌሎች ዘንድ ያ የሚፈለገው ዓይነት ከተማ እንዴት ተፈጠረ? አንድ ምሳሌ ከእንግሊዝ አገር ይወሰድ። ሄብደን ብሪጅ በሊድስና በማንቸስተር መካከል፣ ከሁለቱም በባቡር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደረስባት፣ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጫካና ክፍት ተራራ ነው። ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነበረች፤ የሠራተኛ ሱሪ የሚሆን ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ነበር ሥራዋ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ሰው ጥሏት ሄደ፣ ቤቱ ባዶውን ቀረ፣ ዋጋው ወደቀ። ያን ጊዜ ሠዓሊዎች፣ ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች፣ ከትልቅ ከተማ ጫጫታ የሸሹ ሰዎች ገቡበት፤ እያደር ብዙ ሴት ጥንዶች መጡ። ዛሬ የእንግሊዝ ጋዜጦች የዚህ ነገር መዲና ብለው ይጠሯታል። ከተማዋን ወዳጅ ያደረጋት በአንድ ቀን የተሰበሰበ ጉባኤ አይደለም፣ የሰባኪ ስብከትም አይደለም። በ1967 ሕጉ ወጣ፤ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ዕድሜያቸው 21 የሞላ ሁለት ወንዶች በግል ስፍራቸው የሚያደርጉት ወንጀል መሆኑ ቀረ። የሕጉ ቃል "በግል" የሚል ነበር። ማለትም ሕጉ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ቢኖር ቤቱ ደጃፍ ላይ መቆም ነው። ከዚያ ርካሽ ቤት ተገኘ፣ ከዚያ ባቡሩ አለ፣ የቀረውን ሃምሳ ዓመት የፈጀ ጉርብትና ሠራው።

አቃቂም ፋብሪካ ያሳደጋት ሰፈር ናት። ወንዝ አላት፣ ባቡር አላት፣ የጨርቃ ጨርቅ ታሪክ አላት። ልዩነቱ የሕጉ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ዙሪያ ፋብሪካ ቢዘጋ መሬት አይረክስም፤ ባዶ የቀረ ቤት የሚባል ነገር የለም። ባዶ ቤት በሌለበት ደግሞ ከሌላው የተለየ ሰው የሚገባበት ቀዳዳ አይገኝም። ኪራይ ውድ በሆነበት አገር አከራይ መራጭ ይሆናል። ብሔር ይጠይቃል፣ ሃይማኖት ይጠይቃል፣ የልጅ ብዛት ይቆጥራል። "ልጅ አንፈልግም" ተብላ ሦስት ልጆች ይዛ የተንከራተተች እናት ይህን ጽሑፍ ብታነብ የርዕሱ ጉዳይ ባያገባትም ደላላውን ታውቀዋለች።

ሁለተኛው ምሳሌ ለኢትዮጵያዊ ቀረብ ይላል። ዋሽንግተን ዲሲን የምትዋሰን፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለች ታኮማ ፓርክ የምትባል ከተማ አለች። ትልልቅ ዛፎች መንገዱን ያለብሱታል፣ በስላይጎ ወንዝ ዳር የእግር መንገድ አለ፣ የሜትሮው ቀይ መስመር ሰውን ዲሲ መሐል በጥቂት ደቂቃ ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2015 ከንቲባዋ ብሩስ ዊሊያምስ ነበሩ፤ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፣ ወንድ አፍቃሪነታቸውን ደብቀው አያውቁም። በ2012 የሜሪላንድ ሕዝብ በድምፁ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን አጽድቋል። እንግዲህ ከተማ የቀረበው፣ ተፈጥሮ ያለበት፣ የማይጠይቅ ሰፈር ይኸው።

በቀዩ መስመር አንድ ፌርማታ አልፎ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ይመጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ የማን አገር እንደሆነ ለዚህ ቻናል አንባቢ መንገር አያስፈልግም። እንጀራው አለ፣ ክትፎው አለ፣ ቡናው አለ፤ ሁለቱም ከተሞች ያሉበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2012 ከጎንደር ጋር የእህትማማች ከተማነት ስምምነት ፈጽሟል። ቃሊቲ የተወለደ፣ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅር ሰው በጥገኝነትም ይሁን በዕጣ እዚያ ቢደርስ ከሁለቱ ፌርማታዎች በየትኛው ይወርዳል? ታኮማ ላይ ስለ እሱ የሚጨነቅ ጎረቤት የለም፤ ቢታመም ሾርባ ይዞ የሚመጣም ላይኖር ይችላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሾርባውም አለ፣ በዓሉም አለ፣ ልቅሶ ሲደርስ ቤት የሚሞላ ሰው አለ። እንጀራ የሚገዛበት ሱቅ ባለቤትም የእናቱን ሰፈር ታውቃለች። ወሬ ከሜሪላንድ ቃሊቲ ለመድረስ ትኬት አያስፈልገውም፤ እናቱ አቃቂ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትመርጥ ትሰማዋለች። ሕግ የሚያስፈራው ቦታና ሰው የሚያስፈራው ቦታ አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ የሚገባው ያኔ ነው። አገር ቤት ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ።

የፈረንጅ አገሩን ትቶ ወደዚህ ይመለስ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው የሒሳብ ሠራተኛ ሜሪላንድም አይሄድ፣ ሄብደን ብሪጅም አይሄድ፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ መግባት አለበት። ቢሾፍቱን ያየዋል፣ ይመኘዋል፣ ይተወዋል። መጨረሻ የሚያርፈው በከተማው ዳር ከተተከሉት የኮንዶሚኒየም መንደሮች በአንዱ ነው። እነዚህ መንደሮች ማንም አቅዶት ያልሠራው አንድ ጠባይ አላቸው። ሰውን የሰበሰበው ዕጣ ነው፤ ዕጣ የደረሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል። ከላይ የሚኖረው ከታች ያለውን አይመርጠውም፣ አያውቀውምም። ማንም የማንም አገር ልጅ አይደለም። ውሃ ሲጠፋ ብቻ ነው ደረጃው ላይ ሰው ከሰው የሚገናኘው፣ ያኔም ወሬው ስለ ውሃ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ አቮካዶ አይተከልም፣ በረንዳ ላይ ግን በቆርቆሮ ጤናዳም ይበቅላል። ጥሩ ቀን ሆኖ አቧራው ሲጠራ የረር ተራራ ይታያል። ይህ ለእሱ ተፈጥሮው ነው።

የሚያሳዝነው፣ እዚህ የሚያገኘው ሰላም ከመተዋወቅ አለመኖር የመጣ መሆኑ ነው። ከተዋወቁ ጥያቄ ይመጣል፤ ካልተዋወቁ ደግሞ ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት ለእሱ በሁለት በኩል ይቆርጣል። ታኮማ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ሊያቆየው ይችላል፤ የቃሊቲው ግን አይችልም፣ እዚህ አገር ቀብር የመንግሥት አገልግሎት ሳይሆን የእድር ሥራ ነው። የብሎኩ ነዋሪዎች እድር ሲያቋቁሙ ሁለት ወር ዝም ብሎ ቆየ። በሦስተኛው ወር "ወንድሙ" ሆስፒታል ገብቶ ሳምንት ተኛ። ከሐኪም ቤት በተመለሱ ማግስት ሰውየው መታወቂያውን ይዞ ወደ እድሩ ጸሐፊ ወረደ።

መዝገቡ ላይ ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው፦ የአባሉ ሙሉ ስም፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ ወላጆች፣ አብሮ የሚኖር ዘመድ። የትዳር ጓደኛ በሚለው ላይ ጸሐፊው ሰረዝ አሰመረበት። ልጆች ላይም እንዲሁ። አብሮ የሚኖር ዘመድ በሚለው ሲደርስ ሰውየው ስሙን ከነአባቱ አስጻፈ። ጸሐፊው ሁለቱን የአባት ስሞች አስተያየና ብዕሩን አቆመ።

"ወንድም ነው ያልከኝ?"

"በእናት ነው" አለ።

ጸሐፊው ጻፈው፣ የመመዝገቢያውንና የሦስት ወሩን ክፍያ ተቀብሎ ደረሰኝ ቆረጠለት።